ከሥራ ስለ መልቀቅ ለጠየቀኝ ወጣት

በዲፕሎማሲ ሥራ ላይ የተሰማራ አንድ ወጣት፣ «ኅሊናዬ የማይቀበለውን የመንግሥት አቋም እንዳስረዳ ብታዘዝ ልልቀቅ ወይስ ውስጥ ሆኜ ልታገል?» ሲል ጽፎልኛል። ጥያቄውን ሳነብ ትዝ ያሉኝ፣ በእንዲህ ያለ ምክንያት መልቀቂያ አስገብተው ዳግም ያልተጠሩ አንድ አለቃዬ ናቸው፤ ያ ሁሉ ዕውቀታቸው ቤት ውስጥ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእርሳቸውን ጉዳይ መዘርዘር የእኔ ድርሻ ስላልሆነ፣ ዘወትር ያነሡልን የነበሩትን የእንግሊዛዊውን የሰር ሂው ፉትን ታሪክ ላጫውትህ።

ፉት ከካምብሪጅ እንደ ወጡ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ወደ ፍልስጥኤም የተላኩ የቅኝ ግዛት ሹም ነበሩ። ከዚያም በናይጄሪያ ዋና ጸሐፊ፣ በጃማይካ ገዥ ሆነው አገለገሉ፤ በ1957 መጨረሻም ፊልድ ማርሻል ሃርዲንግ በጦር ኃይል ሊያበርዷት ያልቻሏትን ቆጵሮስን ተረክበው፣ በ1960 ነጻ እስክትወጣ አስተዳደሩ። ቀጥሎ የአገራቸውን የቅኝ ግዛት ፖሊሲ በተባበሩት መንግሥታት እንዲያስረዱ ኒው ዮርክ ተመደቡ። በ1962 ግን፣ ጥቂት ነጮች ብዙኃኑን አፍሪካውያን ይገዙባት በነበረችው በደቡብ ሮዴዥያ (በዛሬዋ ዚምባብዌ) ጉዳይ የለንደንን አቋም ልከላከልለት አልችልም ብለው ለቀቁ።

አለቃዬ ይህን በአድናቆት ይተርኩት ነበር፤ እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። የፉት አባት የፓርላማ አባል የነበሩ ሲሆን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውም በዚያን ጊዜ የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ እንደራሴዎች ነበሩ። ሌበር በ1964 ሥልጣን ሲይዝ፣ ፉት ሎርድ ካራዶን ተብለው በሚኒስትር ማዕረግ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ላለው ሰውና የቤት ኪራዩን ከደመወዙ ለሚከፍል ሰው የመልቀቅ ዋጋ አንድ አይደለም። ዛሬ ዛሬ የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን አለቃቸው ሳያነበው ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉ ወጣቶች ይህን የሚያሰሉት አይመስለኝም፤ ቢሆንም ድፍረታቸው አንዳንዴ ያስቀናኛል።

ካራዶን ባይመለሱ ኖሮ የ1967ቱ ሥራ በእጃቸው አያልፍም ነበር። ከሰኔው የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ፣ ኢትዮጵያም የጸጥታው ምክር ቤት አባል በነበረችበት በዚያ ዓመት፣ እስራኤል በጦርነቱ ከያዘቻቸው ግዛቶች እንድትወጣና በአካባቢው ሰላም እንዲሰፍን የሚጠይቀውን የውሳኔ 242ን ረቂቅ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ የሶቪየቱ ተወካይ ኩዝኔትሶቭ የሁለት ቀን ጊዜ ለመኗቸው። ተንኮል ሊሆን እንደሚችል እያወቁ እሺ አሉ፤ ኅዳር 22 ቀንም ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ አሥራ አምስቱም አባላት ደገፉት። ችኩል ሰው ያንን ሁለት ቀን አይሰጥም ነበር።

ነገር ግን የሮዴዥያ ጉዳይ አልተዋቸውም። የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት መሪ ኢያን ስሚዝ በ1965 በራሱ ሥልጣን ነጻነት ሲያውጅ ብሪታንያ ጦር አላዘምትም አለች፤ ካራዶንም አፍሪካውያን መልእክተኞች ፊት ይህንኑ አቋም ሲያስረዱ ኖሩ። መጋቢት 1970፣ ብሪታንያ ኃይል ባለመጠቀሟ የሚያወግዝ ረቂቅ በቀረበ ጊዜ፣ በእርሳቸው የሚመራው የብሪታንያ ልዑክ ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቱ አስቀረው፤ አሜሪካም በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንኑ መብት የተጠቀመችው በዚያው ዕለት ነው። በ1962 በዚሁ ጉዳይ የለቀቁት ሰው በዚህኛው ጊዜ አልለቀቁም። እንግዲህ ልጄ፣ የመጀመሪያውን ውሳኔ ብቻ ሰምተህ ደብዳቤ እንዳትጽፍ፤ የዚያን የመጋቢት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ፈልገህ አንብብና ያኔ እንነጋገራለን።