የጌም ምድብ ከሽፋኑ ሥዕል አይነሣም

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ፕሌይስቴሽን 4 ያላት ጌም ቤት አለችኝ። ጌሞቹን «ኳስ፣ ጦርነት፣ መኪና፣ ሌላ» ብዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ደንበኛ ግን የፈለገውን አያገኝም፤ «ሌላ» ያልኩትም ከሁሉም በዝቷል። እንዴት ልመድባቸው?

መልስ፦ ችግሩ «ጦርነት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ጦርነት የጌሙ ታሪክ ነው፤ ምድቡ መነሣት ያለበት ግን የተጫዋቹ እጅ ከሚሠራው ነው። ኮል ኦፍ ዱቲንና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ጎድ ኦፍ ዋር አንድ ላይ ካስቀመጧቸው፣ ተኩስ ፈልጎ የመጣው ልጅ መጥረቢያ ጨብጦ ይቀራል።

እያንዳንዱን ጌም ግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወቱና ብዙውን ጊዜ የሚወስደውን ድርጊት በአንድ ቃል ይጻፉ፦ መተኮስ፣ መደባደብ፣ መንዳት፣ ማቀድ፣ መገንባት። መግቢያውን አይቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ታሪክና ማለማመጃ ነው። ተኩሱን ደግሞ ካሜራው በተጫዋቹ ዓይን ነው ወይስ ከጀርባው ብለው ለሁለት ይክፈሉት። መኪናም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። ግራን ቱሪስሞ ስፖርት ላይ ከመታጠፊያው በፊት ፍሬን ያልያዘ ከመንገድ ይወጣል፤ ኒድ ፎር ስፒድ ሂት ግን እያንሸራተቱ መታጠፍን ይፈቅዳል። ጀማሪን ከሁለተኛው ያስጀምሩት።

የሚያስቸግረው ጂቲኤ 5 ነው፤ መንዳቱም መተኮሱም እኩል ነው። «ክፍት ዓለም» ይበሉት፣ ተጫዋቹ እንደፈለገ እየተዘዋወረ የፈለገውን የሚሠራበት ማለት ነው፤ ካርታው ሰፊ የሆነውን ሁሉ ግን እዚያ አይክተቱ።

ምድብን በአንድ ጌም ስም መጥራትም አያዛልቅም። ዱም የተባለው የተኩስ ጌም እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ በኋላ መሰሎቹ ለዓመታት «የዱም ቅጂ» ይባሉ ነበር፤ ስሙ ግን ዱምን ለማያውቅ ምንም አይነግረውም። የኳስ ጌሞቹም ስማቸው ተቀይሯል፦ ፔስ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል ሆኗል፣ ኢኤ የተባለው ኩባንያ ፊፋም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል። ስለዚህ «ኳስ» ያሉት ትክክል ነው፣ አይቀይሩት።

የተጫዋች ቁጥር ምድብ አይደለም፤ ለብቻው ዓምድ ይስጡት። ቴከን 7፣ ሞርታል ኮምባት 11 እና ግራን ቱሪስሞ ስፖርት በአንድ ስክሪን ሁለት ሰው ያጫውታሉ። ጎድ ኦፍ ዋር፣ ጂቲኤ 5 እና ኒድ ፎር ስፒድ ሂት ግን አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ሁለት ጓደኛሞች ከፍለው ከተቀመጡ በኋላ ይህን ቢያውቁ መጣላት አይቀርም።

ሒሳቡም ከዚሁ ይወጣል፦ ኳስና ድብድብ በጨዋታ፣ ታሪክ ያለው በሰዓት። ታሪክ ላለው ጌም ለየደንበኛው የተለየ ሴቭ (የደረሰበት ቦታ የሚቀመጥበት) ይያዙለት፤ አለዚያ ቀጣዩ ልጅ በላዩ ላይ ያስቀምጥበታል። መብራት ድንገት ሲጠፋም ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ የተጫወተው ስለሚጠፋ፣ በየ20 ደቂቃው ሴቭ እንዲያደርግ ያስታውሱት።