ከጉተንበርግ በፊት ማን ነበር? ስለ ጥንታዊ ቻይና ፈጠራዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ቻይናውያን የጥንት ፈጠራዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማተሚያን የፈለሰፈው ጀርመናዊው ጉተንበርግ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ውሸት ነው እንዴ?

መልስ፦ ጎደሎ ነው ብል ይሻላል። የጉተንበርግ ሥራ 1450 አካባቢ ነው። ቢ ሼንግ የሚባል፣ ሹመት የሌለው ተራ ቻይናዊ ግን በ1040ዎቹ ተነቃይ ፊደል፣ ማለትም እየተነቀለ እንደገና የሚደረደር የማተሚያ ፊደል ሠርቷል። አሠራሩን የነገረን ሼን ኩዎ የተባለው ሊቅ ነው። ቢ ሼንግ እያንዳንዱን ፊደል ሸክላ ላይ ይቀርጽና እንደ ጀበና በእሳት ይጠብሰዋል። የብረት ሰሌዳ ላይ የጥድ ሙጫ፣ ሰምና የወረቀት አመድ ያደርጋል፤ ፊደሎቹን እላዩ ላይ ይደረድራል። ከዚያ ሰሌዳውን እሳት ያስጠጋል። ሰሙ ለስለስ ሲል በጠፍጣፋ ጣውላ ተጭኖ እኩል ያደርጋቸዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ንቅንቅ የለም። አትሞ ሲጨርስ መልሶ ያሞቀዋል፤ ፊደሎቹ እርግፍ ይላሉ። ሰሌዳው ደግሞ ሁለት ነው፤ በአንዱ ሲታተም ሌላው ይደረደራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

መልስ፦ የኛ ፊደል በዛ ብለን እናማርር የለ? የነሱ በሺህ የሚቆጠር ነው። ያን ሁሉ ከመልቀም ገጹን እንዳለ እንጨት ላይ መቅረጽ ይቀላል። እንጨቱ ይቀመጣል፤ መጽሐፍ የሚገዛ ሲመጣ ደግሞ ይታተማል። በዚህ መንገድ በ868 የታተመ የቡድሂስቶች ጥቅልል ዛሬም ለንደን አለ።

ጥያቄ፦ ወረቀትስ? የጻይ ሉን ነው አይደል?

መልስ፦ በ105 ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀረበው እሱ፣ የቤተ መንግሥቱ ሹም ነው፤ ከዛፍ ልጣጭ፣ ከቃጫ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ ሠርቶ። ግን ከሱ የሚቀድሙ ቁርጥራጮች በቁፋሮ ስለተገኙ «አሻሻለው» እንበል። ለአንድ የብራና መጽሐፍ የስንት ፍየል ቆዳ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ባሩድን ለርችት ብቻ ነው የተጠቀሙበት ይባላል።

መልስ፦ ተረት ነው። የደረሱበት የማያስሞት መድኃኒት ሲቀምሙ ነው። ስሙም በቋንቋቸው «የእሳት መድኃኒት» ነው። አንድ ጥንታዊ ጽሑፍማ እጅና ፊታቸው ስለተቃጠለ፣ ቤታቸውም ስለነደደ ቀማሚዎች እያነሳ ያስጠነቅቃል። በ1044 የተዘጋጀ የጦር መጽሐፍ ደግሞ ቅመማውን ለቦምብ ብሎ አስፍሮታል።

ጥያቄ፦ ኮምፓስ?

መልስ፦ አዎ፣ የነሱ ነው። መርከበኞቻቸው ሰማዩ ሲዳምን መርፌዋን ያዩ እንደነበር በ1119 ገደማ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚተነብይ ጋን ነበራቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይተነብይም፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ በየት አቅጣጫ እንደሆነ ይጠቁማል። ጃንግ ሄንግ የተባለ ሊቅ በ132 የሠራው የነሐስ ጋን ነው። ዙሪያውን ኳስ የነከሱ ስምንት ዘንዶዎች፣ ከሥራቸው አፋቸውን የከፈቱ ስምንት ጉርጦች አሉ። በ138 አንዷ ኳስ ዱብ አለች። ዋና ከተማው ሉዎያንግ ውስጥ ግን ማንም ምንም አልተሰማውም፤ ሊቃውንቱ ግራ ገባቸው። ከቀናት በኋላ ሎንግሺ ከሚባል ሩቅ አገር መልእክተኛ ደረሰ፦ እዚያ ምድሩ ተንቀጥቅጦ ነበር።