ዲኤክስህ አልነሳ ካለች፣ ካርብሬተር ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ «ዲኤክስ ኮሮላዬ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች አትነሳም፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ደህና ይመታል፣ መካኒኩ ካርብሬተር ቀይር አለኝ፣ ልቀይር ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አትቀይር። ቢያንስ እስከ ነገ ማታ ታገስ። እኔ ቀይሬ አይቼዋለሁ።

የኔም ዲኤክስ ናት፣ ባለ 4ኬ ሞተር። ባትሪና ካንዴላ አይተሃል ብዬ ልለፈው።

1. ኮፈኑን ክፈትና ካርብሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ከጎን እየው። ትንሽ ክብ መስታወት አለችው። ቅባትና አቧራ ስለሚሸፍናት ብዙ ሰው አያውቃትም። በጨርቅ ጥረጋት። ቤንዚኑ መሃሏ ድረስ መታየት አለበት። ሞተሪኖው ሲመታ ቆይቶም መስታወቷ ባዶ ከሆነች፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚኑ እዚያ አልደረሰም ማለት ነው።

2. ወደ ቤንዚን ፓምፑ የሚገባውን ጎማ ንቀል። በሱ ፋንታ ንጹህ ጎማ ሰክተህ ጫፉን ቤንዚን ያለበት ትንሽ ጀሪካን ውስጥ አስገባ። ጀሪካኑን ከጭስ ማውጫው አርቀው፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ አይቁም። አሁን አስነሳ። ከተነሳችና ካልጠፋች ፓምፑም ካርብሬተሩም ደህና ናቸው። ችግሩ ከፓምፑ ወደ ኋላ ነው፦ ፊልትሮው (ማጣሪያው)፣ መስመሩ ወይ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ)።

3. ይህን የጀሪካን ሙከራ ለኔ ማንም አልነገረኝም። የሄድኩበት ጋራዥ ባለቤት መኪናዋን አንዴ አስመታና «ካርብሬተሩ አልቋል» አለኝ። የመኪና እቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ በ14 ሺህ ብር ገዛሁ። ባለ ጋራዡ ገጠመው፣ የካርብሬተሩ አፍ ላይ ቤንዚን ጠብ አድርጎ አስነሳት፣ የእጁን 3 ሺህ ተቀበለኝ። (የካርብሬተሩ አፍ ላይ ቤንዚን ማፍሰስን አንተ እንዳትሞክረው። እሳት ወደ ላይ ይተፋል።) በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስል ያው ሆነች። ተመልሼ ስሄድ «እኔ የተባልኩትን ገጥሜያለሁ» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። ካርብሬተር ቀይር ያለኝ እኮ ራሱ ነው! ሻጩም «የተገጠመ እቃ አይመለስም» አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያዳነኝ የሰፈራችን ጋሼ ነው፣ የድሮ የላዳ ታክሲ ሹፌር። ጀሪካን አመጣ፣ ጎማ ሰካ፣ ወዲያው ተነሳች። ከዚያ ከኋላ ካርቶን አንጥፈን ከስር ገባን። ከሰልባትዮው የሚወጣው ቧንቧ ከረጅሙ መስመር ጋር የሚገናኘው በአጭር ጎማ ነው። ጋሼ በሁለት ጣቱ አጠፍ ሲያደርገው ቆዳው ተሰነጣጥቆ ታየ።

«ግን እኮ አያንጠባጥብም» አልኩት።

«ፓምፑ በዚህ በኩል ይስባል እንጂ አይገፋም ልጄ። ስንጥቁ አየር ያስገባል እንጂ ቤንዚን አያወጣም» አለኝ።

ለካ ስትቆም መስመሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ካርብሬተሩ ውስጥ የቀረው ደግሞ በቀናት ውስጥ ተኖ ያልቃል። ጠዋት ፓምፑ የሚስበው አየር ነው። እኔ መሬቱ ደረቅ መሆኑን እያየሁ መስመሩን ከጥርጣሬ አውጥቼው ነበር።

ግማሽ ሜትር ጎማና አራት ፋሸታ (የጎማ ማሰሪያ) 400 ብር አልሞላም። በገዛ እጄ ቀየርኩት። የቤንዚን ጎማ መሆኑን አረጋግጠህ ግዛ፤ የውሃ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር። ለፋሲካ አገር ቤት ሄጄ 9 ቀን ቆማ ጠበቀችኝ፣ በሁለተኛው ምት ተነሳች።

4. የሰልባትዮውን ክዳን ስትከፍት «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል። እሱም ቤንዚን ያስቀራል።

በጀሪካኑም እምቢ ካለች ከፓምፑ የሚወጣውን ጎማ ነቅለህ ጠርሙስ ውስጥ አድርግና አስመታ። ቤንዚን ፊጭ ፊጭ ካላለ ፓምፑ ነው። ፊጭ ካለ ግን ያኔ ካርብሬተሩን አስከፍተህ አሳጥብ፣ መግዛቱ ይቆይ። የጀሪካኑን ውጤት ንገረኝ፣ ማታ አየዋለሁ።