ሞተሬ ላይ ስቲሪንግ ዳምፐር አስገጠምኩ፤ በሕግ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። ለሥራ በሞተር ሳይክል ጎንደር እመላለሳለሁ፤ አንዳንዴም ወደ ደባርቅ እወጣለሁ። ፍጥነት ስጨምር መሪው ይንቀጠቀጥብኛል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ይሄ ያስቀርልሃል» ብሎ ስቲሪንግ ዳምፐር ላከልኝ። ማሰሪያው ለእኔ ሞተር አልሆነም። ስለዚህ መካኒኩ መሪው ሥር ሻሲው ላይ ብረት በይዶ አሰረልኝ። ጓደኞቼ «ትራፊክ ካየው ይታሰራል» እያሉ አስፈራሩኝ። እውነት ነው? ሞተሩን ታናሽ ወንድሜም ይነዳዋል። አደጋ ቢደርስ ማን ይጠየቃል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ እኔን ከዳምፐሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ብየዳው ነው።

ዳምፐሩ በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም። አብዛኛው ውስጡ ዘይት ያለው ትንሽ አሞርዛተር ነው። አንድ ጫፉ ከሻሲው፣ ሌላው ከመሪው ጋር ይታሰራል። መሪው ቀስ ብሎ ሲዞር ይለቀዋል፤ በድንገት ሲወራጭ ይይዘዋል። ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው የሚወጡ ሞተሮችም አሉ። «ዳምፐር ስላለው ብቻ ይታሰራል» የሚለው የጓደኞችዎ ወሬ ተጋኗል።

አሁን ወደ ብየዳው። በብዙ ሞተር ሳይክሎች የሻሲ ቁጥሩ የሚቀረጸው የመሪው አንገት ላይ ነው። መሪውን እስከ ጫፍ አዙረው በባትሪ ቢያበሩ፣ ከገመዶቹ ጀርባ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ያገኙታል። መካኒክዎ የበየደው እንግዲህ እዚያው አካባቢ ነው። ዛሬውኑ ይዩት። ሊብሬውን በእጅዎ ይዘው አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንዲት ፊደል ወይም አኃዝ እንኳ በብየዳው ከቀለጠች ወይም ከተሸፈነች ጉዳዩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመራው የተሽከርካሪ ምዝገባና ምርመራ የሚቆመው በእነዚህ መለያ ቁጥሮች ላይ ነው። የሻሲ ቁጥሩ የማይነበብ ሞተር ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በስርቆት ነው። ንጹሕ ሰው ሆኖ ይህን ማስረዳት እንዴት እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል።

ቁጥሩ ከተነካ በራስዎ ግራይንደር አያስነኩት። ልጠግነው ብለው የባሰ ካጠፉት «ሆን ብሎ አጠፋው» ለሚል ክስ በር ይከፍታሉ። እንዳለ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ሊብሬዎን ይዘው ሞተሩ ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተው ለራስዎ ያስቀሩ። ይህችን ወረቀት የማያስቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ኋላ ግን የምትፈለገው እሷ ናት።

ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ብየዳውን አልወደድኩትም። ሻሲ ሲበየድ በሙቀቱ ሊዳከም ይችላል። ለሞተርዎ ዓይነት የተሠራ፣ በቡሎን የሚታሰር ማሰሪያ ያፈላልጉ። ለቦሎ ሲቀርቡም ዳምፐሩን አይሸሽጉ፤ ለመርማሪው ራስዎ ያሳዩት፣ አስተያየቱንም በጽሑፍ ይጠይቁ። መሪው በሁለቱም በኩል እስከ ጫፍ ሳይያዝ መዞር አለበት። የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድም መነካት የለበትም። ጠባብ መንገድ ላይ ዞሮ መመለስ የማይችል ሞተር ለነጂውም ለእግረኛውም አደጋ ነው። እንዲህ ያለውን ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው ልከራከርልዎ አልችልም።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን ያለ ጥፋቱም ተጠያቂ ያደርገዋል። ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ አያመልጥም። ሞተሩ በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ስለዚህ ታናሽዎ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ላይ እግረኛ ቢገጭ ካሳ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። «እኔ አልነበርኩም» አይሠራም። «መካኒኩ ነው የበየደው» ማለትም ተጎጂውን አይመልሰውም። ከፍለው ሲያበቁ መካኒኩን መልሰው መጠየቅ ይችሉ ይሆናል። ለዚያ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ደረሰኝ ተቀብለዋል? ካልተቀበሉ አሁን ሄደው የሠራው ሥራ የተገለጸበት ወረቀት ያጽፉት።

የወንጀሉ ነገር ይለያል፤ እዚያ የሚጠየቀው ያጠፋው ሰው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። ግልጽ ደንብ ተጥሶ ሞት ከደረሰ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ልዩነቱን ይዩት። ያልተመረመረ ብየዳ ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን ወደ ከባዱ እንዲገፋ ምክንያት ሊሆነው ይችላል።

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ውስጥ ያስደነገጠኝን አንድ ነገር ልንገርዎት። መሪው እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃሉ። ቸልተኝነት ሲመዘን ፍርድ ቤት የሚጠይቀው «አደጋውን አስቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ?» ብሎ ነው። እርስዎ ደግሞ ያውቁ ነበር። መንቀጥቀጡ ከተበላ የመሪ ኩሽኔታ፣ ካለቀ ጎማ ወይም ከኋላ ከበዛ ጭነት ሊመጣ ይችላል። ዳምፐር ምልክቱን ይሸፍነዋል እንጂ ኩሽኔታ አይቀይርም። መጀመሪያ ኩሽኔታውንና ጎማዎቹን ያስፈትሹ፣ የፍተሻውንም ወረቀት ያስቀምጡ። ሲስተካከል መንቀጥቀጡ ከቀረ ዳምፐሩም ላያስፈልግዎ ይችላል።

ስለ መድን በአጭሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የ3ኛ ወገን መድን ሌላው ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ነው። የራስዎን ሞተር አያሠራም። ከዚያ በላይ ሽፋን ገዝተው ከሆነ ለውጡን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። ዝም ብለው ቆይተው ካሳ ሲጠይቁ «ሳትነግረን ነው የቀየርከው» የሚል መልስ ሊመጣብዎ ይችላል።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ሞተሩን ለታናሽዎ አይስጡት፤ እርስዎም የደባርቁን መንገድ በአውቶቡስ ይሂዱ። የሻሲ ቁጥሩ ተነክቶ ካገኙት ደግሞ ፎቶውንና የሊብሬውን ኮፒ ይላኩልኝ፤ ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ አሳይዎታለሁ።