ስለ ስኮሌሳይት እና ስለ ስሙ አመጣጥ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስኮሌሳይት የተባለው ማዕድን ስያሜ የሰው ስም ነው ወይስ የቦታ?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1813 ያወጡት ጌህለን እና ፉክስ የተባሉ ጀርመናውያን ሊቃውንት ሲሆኑ፣ የወሰዱትም በግሪክኛ ትል ማለት ከሆነው «ስኮሌክስ» ነው። በዚያ ዘመን ማዕድን የሚመረምር ሰው በአፉ በሚነፋው ቀጭን ቧንቧ ነበልባሉን ወደ ድንጋዩ ስባሪ እየሰደደ ያግለው ነበር፤ እንደ መርፌ የቀጠነው ይህ ነጭ ማዕድንም እሳቱ ሲነካው እየተጣመመ እንደ ትል ይጠቀለላል። ይህን የሚያሳዩት ግን አንዳንድ ናሙናዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ያልተጠቀለለውን ሁሉ ስኮሌሳይት አይደለም ብሎ መጣል ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ውስጥ ውሃ አለ ሲባል አልገባኝም። ቢያብራሩልን?

መልስ፦ በስኮሌሳይት ውስጥ አሉሚኒየም፣ ሲሊከን እና ኦክስጅን ተያይዘው በሠሩት ማገር ውስጥ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ፤ ካልሲየሙና የውሃው ሞለኪውሎች የሚቀመጡት በእነዚህ ውስጥ ነው። በስኮሌሳይት ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ድንጋዩን በእጅ ብትይዙት ግን ደረቅ ነው። ስዊድናዊው የማዕድን ሊቅ ክሮንስቴት እ.ኤ.አ. በ1756 ስኮሌሳይት ያለበትን የማዕድን ቤተሰብ አንድ ድንጋይ ሲያግል አረፋ እየደፈቀ ሲፈላ አይቶ፣ ከግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» የሚል ትርጉም ያለውን ዜኦላይት የሚለውን ስም ያወጣው በዚህ ውሃ የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ ናትሮላይት ከተባለው ተመሳሳይ ማዕድን በዓይን መለየት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ሁለቱም ከአንድ ሥር እንደ ጨረር የሚበተኑ ነጭ መርፌዎች ናቸው፤ ናትሮላይት ሶዲየም፣ ስኮሌሳይት ካልሲየም ይይዛሉ፣ ሜሶላይት ደግሞ ሁለቱንም ይዞ በመካከላቸው ይቆማል። በዓይኔ ለይቻለሁ የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ላቦራቶሪ እስኪያየው ድረስ አላምነውም።

ጥያቄ፦ ጥሩ ናሙና የት ይገኛል?

መልስ፦ በይበልጥ የሚታወቁት ከህንድ፣ ከናሺክ እና ከፑኔ አካባቢ ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ ከሠራው ጥቁር ድንጋይ) የሚወጡት ናቸው፤ የአይስላንዱ ቴይጋርሆርንም ስመ ጥር ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ በተወው ቀዳዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ እየሰረገ ማዕድኑን ያበቅለዋል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ባዛልትም እንዲህ ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ የዜኦላይት ዓይነቶች ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ናሙናዬ አቧራ ይዟል። በምን ላጽዳው?

መልስ፦ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ፣ መርፌዎቹ እንዳይሰበሩ ቀስ ብለው። አሲድ አያስጠጉት፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙቶ እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ነገር ያደርገዋል።