«አይሸጥም» የተጻፈበት ሦስቱ ብቻ ነው

የ37 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። አባዬ ባለፈው ጥቅምት አረፈ። ሠዓሊ ነበር። በልጅነቱ ዘጌ ከአንድ መሪጌታ ሥዕል ተማረ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ቀን ቀን የከተማውን ታፔላ ሲጽፍ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት የራሱን ሲሥል ኖረ። አንድ ቀን እንደምንም ገብቼ 64 ሥዕል ቆጠርኩ። ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ ነው፤ «ሸጠን እንካፈል» ይላል። አንድ ሆቴልም ሁሉንም በጅምላ ልግዛችሁ ብሎናል። ታናሽ እህቴ ውጭ አገር ናት፤ ድርሻዬን ላኩልኝ ትላለች። እማዬ ማንም እንዳይነካው ትላለች። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አባዬ እኮ እነዚህን በገንዘብ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሦስቱ ላይ ከጀርባቸው በእርሳስ «አይሸጥም» ብሎ ጽፏል። አንዱ እማዬ ቡና ስታፈላ ነው፤ አንዱ እኔ በተማሪ ዩኒፎርም፤ አንዱ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። ከወንድሜ ጋር ከፋሲካ ወዲህ አልተነጋገርንም። ባለቤቴ «ከክፍሉ ጋር ተጋብተሻል» ይለኛል። በሩን ስከፍት የቀለም ማቅጠኛው፣ የአኳራጁ ሽታ ይመጣና መልሼ እዘጋዋለሁ። የአባቴን ሥራ እንዴት ላቆየው? ወንድሜንስ እንዴት ላስረዳው?

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው አንድ ነገር ያዘኝ። ሥዕሉ 64 ነው። «አይሸጥም» የተባለው ሦስት ነው። የቀሩት 61ስ?

አባትሽ እርሳስ ነበራቸው። ጀርባው ላይ መጻፍም ያውቁበታል። ሁሉንም እንዳይሸጥ ቢፈልጉ ሁሉም ላይ ይጽፉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በቀለም እንጀራ የበሉ ሰው ናቸው። ዛሬ ሥዕል ሆኖ የሚታይሽ ያ ዩኒፎርም ራሱ በምን ተገዛ? በታፔላ ነው፣ በቅዱሳን ሥዕል ነው፣ ምናልባትም ዘጌ ወደብ ላይ ለቱሪስት በተሸጠ ብራና ነው። ሥዕል ሲሸጥ እያየሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ሠዓሊው ሲያርፉ ግን ሥዕል መሸጥ ነውር ሆነብሽ። ሥዕሎቹን ታቦት አደረግሻቸው፤ ሰርቪስ ቤቷን ደግሞ መቅደስ።

ሽጪ እያልኩሽ አይደለም። ለሆቴሉም በጅምላ እንዳትሰጡ ነው የምመክረው፤ እመለስበታለሁ። ግን «አባዬ አይፈልግም ነበር» የሚለውን ቃል ከወንድምሽ ጋር ስትነጋገሩ አትጠቀሚበት። እውነት አይደለም፤ ወንድምሽም ያውቀዋል። ጠቡን ያከረረው ይኸው ቃል ይመስለኛል።

ስለ ሐዘን ብዙ ተብሏል። ለእናንተ ቤት የሚሆነው ግን ኔዘርላንድ ውስጥ የሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሐዘንተኛ ሰው ይመላለሳል ይላሉ። አንዴ ወደ ሐዘኑ ይገባል፤ ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል፣ ልብስ ያሸታል። አንዴ ደግሞ ይወጣና የቀረውን ኑሮ ያስተካክላል፤ ውርስ ያጣራል፣ ቤት ያድሳል፣ ይስቃልም። ጤናው ያለው መመላለሱ ላይ ነው።

እናንተ ቤት ማንም አይመላለስም። ሥራውን ተከፋፍላችሁታል። አንቺና እናትሽ ሐዘኑን ወሰዳችሁ። ወንድምሽ ወረቀቱን ወሰደ። አንቺ እሱን ስታይ «ይሄ ሰው አላዘነም» ትያለሽ። እሱ አንቺን ሲያይ «ይቺ ልጅ ኑሮ የላትም እንዴ?» ይላል። ሁለታችሁም ያላደረጋችሁትን ግማሽ ነው በሌላው ላይ የምታዩት። ወንድምሽ ከቀብር ማግስት ጀምሮ ውክልና ሲያሠራ፣ ሰነድ ሲያሯሩጥ ቆይቶ ይሆናል። ማን «አይዞህ፣ አንተስ አለቀስክ?» አለው? ሰባት ወር ሙሉ የጠየቀው ሰው እንዳለ እጠራጠራለሁ።

የአንቺን ነገር በሽታ ብዬ አልጠራውም። ቤት ትመሪያለሽ፣ ልጆች ታሳድጊያለሽ፣ ይህን የመሰለ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። እንቅልፍ ከከለከለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ «ለምን እኖራለሁ?» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን የእኔን መልስ አትጠብቂ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ።

(የእኔ እናት የአባቴን ባርኔጣ ከበር ጀርባ 11 ዓመት አላወረደችውም። ማንንም አልጎዳም። ባርኔጣ ቢሻግት ይታጠባል። የዘይት ቀለም ግን አይታጠብም።)

ወደ ክፍሉ እንምጣ፤ ግንቦት ነውና። ክረምቱ ሊገባ ነው። ሐይቅ ዳር ያለች ዝግ ሰርቪስ ቤት በሐምሌ ምን እንደምትሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ግድግዳው ያልበዋል። ሻጋታው ከሸራው ጀርባ ይነሣል፣ ምስጡ ፍሬሙን ይበላል። አንቺ ለመጠበቅ ብለሽ የዘጋሽው በር ሥዕሎቹን እየጨረሳቸው ሊሆን ይችላል። ይህን ስነግርሽ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ታውቂያለሽ ብዬ አስባለሁ። እዚያ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። በዙሪያው ቅኔ ማኅሌቱ አለ፣ ከዚያም በረንዳው። ዝናብና ፀሐይ ቀጥታ አያገኘውም፤ አየር ግን ይገባል፣ ሰውም በየቀኑ ይገባል። ያን ያህል ዘመን የቆየው ሰው እየገባበት ነው። የአባትሽ መምህርም እዚያው አካባቢ ስለነበሩ፣ አባትሽ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።

ስለዚህ ደረቅ ቀን ምረጪ። ሽታው ብቻሽን ስለሚከብድሽ ከባለቤትሽ ጋር ግቢ። ለነገሩ የእሱም ቅሬታ ግማሹ «ለምን ብቻዋን?» የሚል ይመስለኛል፤ ሥራ ስጪው። መስኮቱን ክፈቱ። ሥዕሎቹን ከወለል አንሡና ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ ጣውላ ላይ አቁሟቸው። በላስቲክ አትጠቅልሏቸው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ፀሐይ ላይ አታስጧቸው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አትንኩ። የተጠቀለለ ሸራ ካለ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ሻጋታ ካያችሁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑና ያንን ሥዕል ከሌሎቹ ለዩት።

ከዚያ እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሺ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ጀርባው ላይ ምንም አትጻፊ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ በክር እሰሪለት። ደብተር ያዢ፦ ቁጥር፣ ስፋት፣ ምን እንደሆነ፣ የሚያውቀው ሰው ካለ ማን እንደሆነ። 64 ሥዕል የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። እናትሽ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጡ። «አትንኩ» ያሉት መወሰድ ፈርተው ይመስለኛል፤ ሲቆጠርና ሲጻፍ ካዩ ይረጋጋሉ። እያንዳንዱ የት እንደተሣለ፣ ያን ዕለት ምን እንደተበላ ሳይቀር የሚነግሩሽም እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ቅጂ! ሥዕሉ ከ50 ዓመት በኋላም ሊኖር ይችላል፤ የእናትሽ ወሬ ግን ከእሳቸው ጋር ይሄዳል።

ስለ ሆቴሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች እኩል ወራሾች ናችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የእናትሽ የጋራ ንብረት ድርሻ መውጣት አለበት። ይህን ከጠበቃ ጋር ጨርሱት። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው የቅጂ መብት ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፣ ለወራሾቹም ይተላለፋል። አንድ ሰው ሸራውን ስለገዛ ብቻ ሥዕሉን በፖስትካርድና በካላንደር እያተመ መሸጥ አይችልም፤ እናንተ በጽሑፍ ካልፈቀዳችሁለት። በጅምላ ስትሸጡ «ሙሉ መብት» የምትል አንዲት መስመር ውሉ ውስጥ ትገባና ሁሉም ነገር ያልቃል። ዝርዝሩ ሳይዘጋጅ ማንም ፊርማ አያኑር። ደብተሩ ካለቀ በኋላ ጥቂቱ ይሸጥ ብትባባሉ እኔ ክፉ ነገር አላይበትም። እህትሽም ከፎቶው አይታ የምትፈልገውን ትምረጥ። ድርሻ ስትል ምናልባት ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው አንድ ጣና ነው የፈለገችው።

የአባትሽ ሥራ ደግሞ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም። ሲበዛ ውጭ ነው ያለው። የሟች አባቱን ምስል አሥሎ ሳሎን የሰቀለ ሰው አለ። በባነር ማተሚያ ዘመን ሳይወርድ የቀረ የጋራዥ ታፔላ፣ የፀጉር ቤት በር፣ የሻይ ቤት ግድግዳ አለ። የእጃቸውን ጽሑፍ ለይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ልጆችሽን ይዘሽ ውጪና ፈልጊ። ያገኛችሁትን ፎቶ አንሡ፣ ባለቤቱን አነጋግሩ። «ቀሪውን ሳልከፍላቸው ሞቱ» የሚልም አይጠፋም።

ሙት ዓመታቸው ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ይደርቃል። ለዝክሩ የሚመጣው ሰው መቼም ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። አሥር ያህሉን እዚያ ስቀሉ። ሥዕል የገዛቸው ሰው የእሱን ይዞ እንዲመጣ በእድሩ አስነግሩ። ለአዳራሽ፣ ለሙሉዓለም የባህል ማዕከልም ቢሆን፣ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ለወንድምሽ አሁን ሽማግሌ አትላኪበት። ሽማግሌ ንብረት ያስታርቃል፤ እናንተ ገና ስለ ንብረት አልተጣላችሁም። ደውለሽም «ስለ ሥዕሎቹ እንነጋገር» አትበይው፤ ወዲያው ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

የዚያን ልጅ ፎቶ ላኪለት፣ ታንኳው ላይ የተቀመጠውን። ጀርባውንም አንሥተሽ ጨምሪበት። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ማነው?»