ጣና ዳር ላለ ግቢ ምን አበባ ይተከል? ለእህታችን ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጉለሌ እጽዋት ማዕከልን ጎብኝተሽ ልብሽ እዚያ ቀርቷል። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍቺ ነው። ግቢው በየወቅቱ የሚያብብ ነገር እንዳይጠፋበት ትፈልጊያለሽ። እዚያ ያየሻቸውን ኮሶና አስታ እዚህ መትከል ይቻል እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ከተማ በአትክልተኛነት ነው የምተዳደረው፤ ሐይቅ ዳር ያሉ ግቢዎችን ለዓመታት ይዣለሁ። የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

ኮሶውንና አስታውን ተዪያቸው። ጉለሌ የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ከ2500 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ። ጣና ያለው 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የደጋ ዛፍ እዚህ በለስ ቀንቶት ቢጸድቅ እንኳ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት አይደላውም። ገንዘብሽንና ድካምሽን አገሩ እዚህ ለሆነ ተክል አውዪው።

ከአበባው በፊት ግን ስለ ውሃ እንነጋገር፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ብዙ ሰው ባሕር ዳር ላይ ተክል የሚገድለው በጋ ይመስለዋል። ሐይቅ ዳር ላይ ግን እንዲህ አይደለም። በጋውን በጎማ እያጠጣሽ ታልፊዋለሽ። የሚገድለው ሥሩ ላይ የሚቆም ውሃ ነው። ያ ውሃ ደግሞ ሰው በማይጠብቀው ጊዜ ይመጣል። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሐይቁ ግን ዝናቡ ከቀነሰ በኋላም መሙላቱን ይቀጥላል፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ገና ከየአገሩ የሰበሰቡትን እያመጡ ነዋ። ጣና ጢም የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በጣም የሚጎድለው ደግሞ ግንቦትና ሰኔ።

እንግዲህ አስቢው። ሰማዩ ጠርቷል፤ ሰው ክረምቱ ወጣ ብሎ እፎይ ብሏል። ከግቢሽ ሥር ግን ውሃው ወደ ላይ እየመጣ ነው። ነሐሴን በደህና ያለፈ ችግኝ ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል። ባለቤቱ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል። በዚያው አለቀለት። ብዙ ግቢ ውስጥ ያየሁት የችግኝ ሞት ይሄ ነው።

አሁን ግንቦት ላይ ስለሆንን የምታዪው ዳርቻ ሐይቁ የሸሸበትን ነው። በእሱ ለክተሽ ዛፍ እንዳትተክዪ አደራ። የጎረቤት ሽማግሌዎችን ጠይቂ፤ ውሃው በመስቀል ሰሞን እስከ የት እንደሚደርስ ጠንቅቀው ያውቁታል። ራስሽም መሞከር ትችያለሽ። መስከረም መጨረሻ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሪና አሳድሪው። ጠዋት ውሃ አቁሮ ካገኘሽው እዚያ ቦታ ላይ ዛፍ አይሆንም።

በላክሽው ፎቶ ላይ የሚታየው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ያቁራል። ስለዚህ የአበባ መደቦችሽን ከመሬቱ ከፍ አድርጊ። ቀይ አፈርና የበሰለ ፍግ ቀላቅለሽ ሙዪው። በመደቦቹ መካከል ገበሬው ማሳው ላይ እንደሚያወጣው ፈሰስ አውጪ። ይህን ካደረግሽ ከሥራው ግማሹ አልቋል።

አሁን ወደ አበባው። ሌላ ምንም ባትተክዪ አደይ አበባ ይኑርሽ። ችግኝ ጣቢያ ሄደሽ ብዙ ጊዜ አታገኚውም። ሜዳ ላይ በራሱ ስለሚበቅል ሰው የሚተከል ነገር አይመስለውም። አደይ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በጥቅምትና በኅዳር ዘሩን ያራግፋል፤ ዘሩ በጋውን አፈር ላይ ተኝቶ ይከርማል። ሰኔ ላይ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይደርሳል። የሚፈልገው ሙሉ ፀሐይና የማያቁር መሬት ነው። ፍግ ግን አታብዢበት። አፈሩ ከሰባ ቁመቱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይበዛል፣ የነሐሴ ዝናብ ሲመታው ይተኛል። በበጋ ዘሩ ያለበትን ቦታ አታጠጪ፤ ያለጊዜው ይበቅልና ይባክናል።

አደይን ከግቢ የሚያጠፋው ማረሚያው ነው። ሐምሌ ላይ አረም የሚያርምልሽ ሰው ከሌላው ጋር ጠራርጎ ይነቅለዋል። ስለዚህ ቡቃያውን አብራችሁ እዩት። መጀመሪያ ሁለት ቀጫጭን፣ ረዘም ያሉ ቅጠሎች ያወጣል። ቀጥሎ የሚመጡት ጠርዛቸው ጥርስ ያለውና የተሰነጣጠቁ ናቸው። ሜጭ የሚባለው ሌላው የሜዳ አበባ ግን ቅጠሉ ያልተሰነጠቀ፣ ሲዳስሱት ሸካራ፣ የቅጠሉ መነሻ ግንዱን አቀፍ ያደረገ ነው። ሁለቱም ቢጫ ስለሚያብቡ ሰው ያምታታቸዋል። ሜጭም ቢሆን መጥፎ አይደለም፤ ንብ በጣም ይወደዋል፣ የጥቅምቱን ማር የሚሠራው ከአደይና ከእሱ ነው። የአደይ አበባ ሲረግፍ ግቢው የተዝረከረከ ይመስላል። ለእንግዳ አይታይም ብለሽ ወዲያው እንዳታሳጭጂው። ዘሩ ጠቁሮ፣ ሲነኩት እጅ ላይ እስኪራገፍ ጠብቂ። ከፊሉ እዚያው ይርገፍ፤ ከፊሉን በወረቀት ቋጥረሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪ። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ትላቸዋለች። በዚህ ጊዜ ዋንዛም ነጭ በነጭ ይሆናል። ለጥላ ዛፍ ከእሱ የተሻለ አልመክርሽም። ዘጌ ላይ ቡናው የሚያድገው እንደ ዋንዛና ብርብራ ባሉ ዛፎች ሥር ነው፤ የሐይቁን አየር የለመዱ ናቸው። ዋንዛ ፈጥኖ ያድጋል። ከፍ ያለና ውሃ የማይቆምበት ቦታ ስጪው። ፍሬው የሚጣብቅ ስለሆነ መኪና ከሚቆምበት አርቂው እንጂ ልጆችና ወፎች ይደሰቱበታል።

ለታኅሣሥ ፖይንሴቲያ አለችልሽ፤ የገና አበባ የሚሏት ሰዎችም አሉ። አገሯ ሜክሲኮ ነው፣ ግን ባሕር ዳር ተስማምቷታል። ቀዩ አበባዋ አይደለም፣ ቅጠሏ ነው። አበባዋ መሃል ላይ ያሉት ትናንሽ ቢጫ ነገሮች ናቸው። ይህች ተክል የምትቀላው ሌሊቱ ረዘም ሲልና ጨለማው ሳይቋረጥ ሲያድር ነው። የውጭ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ከሚያበራበት ቦታ አጠገብ የተተከለች ፖይንሴቲያ አይተሽ ከሆነ፣ በአምፖሉ በኩል ያለው ቅርንጫፏ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል፣ በጨለማው በኩል ያለው ይቀላል። የእንግዳ ማረፊያ መብራት ይበዛዋልና ለእሷ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጊላት። መጋቢት ላይ አሳጥረሽ ቁረጫት፤ የቆረጥሽውን ግንቦትና ሰኔ ላይ ብትሰኪው ይይዛል። ነጭ ወተቷ ዓይን እንዳይነካ ተጠንቀቂ።

ከጥር በኋላ ዘመኑ የኮርች ነው። ቅጠሉን አራግፎ፣ እርቃኑን ቀርቶ፣ በዚያ ደረቅ ጊዜ ቀይ አበባ ያወጣል። ወፎች ከሩቅ ይመጡለታል። አጥር ላይ ይሆናል፤ እሾህ ስላለው መተላለፊያ ላይ አይሆንም። ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጠሽ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አቆይተሽ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ብትተክዪው ይጸድቃል። አገር በቀል ሆኖ ሳለ በከተማው ግቢዎች ውስጥ ቦታ ማጣቱ ያሳዝነኛል።

ቡገንቪሊያ ለአጥር ትመቻለች። እሷን የሚያሳምራት ጥማት ነው። በየቀኑ ውሃ ከጠጣች ቅጠል ብቻ ትሆናለች። ሥር ከያዘች በኋላ በበጋ ውሃ ቀንሺባት፣ ቀለሟን ታወጣለች።

ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ ለመጋቢትና ከዚያ ወዲያ ላለው ጊዜ ናቸው። ጃካራንዳ ሐምራዊ ምንጣፉን ያነጥፋል፤ የድሬዳዋ ዛፍ ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ ይቀላል። የኋለኛው ሥሩ ከመሬት ላይ እየተሳበ ስለሚሄድ ንጣፍና ግድግዳ ያነሳል። ጃካራንዳም ቢሆን ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከውሃ ቱቦ ይራቅ። ግቢሽ ጠባብ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፤ እኔ ብሆን ጃካራንዳን እመርጣለሁ።

በዛፎቹ ጥላ ሥር የምትሆን፣ እንደ ሽንኩርት ያለ ኮረት ያላት አንዲት አበባም አለች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካት ቀይ ክብ ኳስ የመሰለ አበባ ታወጣለች፣ ከዚያ ቅጠሏ ይከተላል። በበጋ ኮረቷ ይተኛል፣ ያኔ አይቆፈር፣ ውሃም አይጠጣ። መርዛም ስለሆነች ልጆች እንዳይቀምሷት ብቻ ጠብቂ።

አሁን በጣም የምጨነቅበትን ልናገር። ግቢሽ ውስጥ ኩሬ ለመሥራትና «ሐይቁ ላይ ያለችውን ያችን ሐምራዊ አበባ» ለማስገባት እንዳሰብሽ ጽፈሻል። እህቴ፣ ያ እምቦጭ ነው። አበባው ያምራል፣ አልክድም። ቀለል ያለ ሐምራዊ ነው፣ የአበባው የላይኛው ቅጠል ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ በእጁ እየነቀለ ስንት ደከመ። አንዱ ተክል ቅርንጫፍ እየዘረጋ ብዙ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በክረምት ኩሬሽ ሞልቶ ወደ ሐይቁ ከፈሰሰ ያንን ሁሉ ሰው መልሰሽ ታደክሚዋለሽ። አንዲት ሥር እንኳ በባልዲ አታስገቢ። ግቢው ውስጥ በቅሎ ካገኘሽው ሥሩን ሳይቀር ነቅለሽ ከውሃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ አድርቂውና አቃጥዪው።

በምትኩ ደንገል ትከዪ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የጣና የራሱ ልጅ ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ዳርቻውን ከመሸርሸር ይጠብቃል፣ ከላይ የሚወርደውን ደለል ያስቀራል፣ ወፎች ይጠለሉበታል። ያ መስከረም ላይ ውሃ የሚገባበት፣ ለዛፍ አይሆንም ያልኩሽ ዝቅተኛ ቦታ ለእሱ ተገቢው ነው። ከሥር ግንዱ ቆርጠሽ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ብትተክዪው ይቀጥላል። ሐይቁን እንዲያሳይሽ ብለሽ ሁሉንም አታስጭጂው፤ መተላለፊያ ያህል ክፈቺ፣ ሌላው ይቁም።

ለጊዜው ሥራሽ ይሄ ነው። በዚህ ወር መደቦቹን አስነሺ፣ ፈሰሱን አስወጪ፣ የዋንዛና የጃካራንዳ ጉድጓዶችን አስቆፍረሽ ፀሐይ ይምታቸው። ችግኝ ስትገዢ ረጅሙን አትምረጪ፤ አጠር ብሎ ግንዱ የደነደነውን ውሰጂ። የላስቲኩን ሥር ገልብጠሽ እዪ፤ ሥሩ ተጠምዞ ከወጣ ተዪው። ተከላውን ዝናቡ በደንብ ከያዘ በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጨርሺ። ምስጥ ካለ በጉድጓዱ ዙሪያ አመድ ነስንሺ። የአደይ ዘር እኔ ጋ አለ፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እሰጥሻለሁ።